ኢትዮጵያና እንግሊዝ፤ ከመቅደላው ደብዳቤ እስከ ዊንዘሩ መቃብር

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በጠቅላላ ጉባኤያችን ዕለት ሒሳቡ ከተነበበና የቀሪዎች ቅጣት ከተነገረ በኋላ አንድ አባል ለሁላችን ትምህርት የሚሆን ንግግር ማድረጉ ልማድ ነው። ዘንድሮ ተራው እኔ ላይ ወደቀ። ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ «አገራችን ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ያላት ግንኙነት» የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው። ለአውሮፓ ሁሉ የሚበቃ ጊዜም እውቀትም ስለሌለኝ እንግሊዝን ብቻ መረጥኩ። ምክንያቴም ነገሩ ከደጃችን የተፈጸመ በመሆኑ ነው። መቅደላ ከኛ ከቦረና ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዚሁ በደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ያለ አምባ ነው። ስሙን ግን ከኛ ልጆች ይልቅ የለንደን ሙዚየም ጠባቂዎች አዘውትረው ይጠሩታል።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ነው። ስለዚህ ስለ ዲፕሎማሲ የምናገረው በጸሐፊ ዓይን ነው፤ ጸሐፊ ደግሞ የሚያየው ደብዳቤውን ነው። መቼ ተጻፈ? መቼ ደረሰ? ማን እጅ ላይ ቆየ? መልስ ተሰጠው ወይ? የኢትዮጵያንና የእንግሊዝን ነገር በዚህ ዓይን ያየ ሰው ብዙ ነገር ይገባዋል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ የፈረንጁን የሚፈልግ ሰባት ወይም ስምንት ይደምር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ሲነግሡ እንግሊዝ በአገራችን ቆንሲል ነበራት፤ ዋልተር ፕላውደን ይባላል። ይህ ሰው ከንጉሡ በፊት ከራስ ዓሊ ጋር በ1842 የንግድና የወዳጅነት ውል የተዋዋለ ነው። ጆን ቤል የሚባልም ሌላ እንግሊዛዊ ነበር፤ እሱማ አበሻ ሆኖ፣ ንጉሡን እያገለገለ የኖረ ሰው ነው። ፕላውደን በ1852 በጎንደር አቅራቢያ በሽፍቶች ተወግቶ ሞተ። ቤል ደግሞ በ1853 ከንጉሡ ጋር በጦር ሜዳ ወደቀ። ቴዎድሮስ ሁለቱንም አልቅሰው፣ የወዳጃቸውንም ደም ተበቅለዋል። ከዚያ በኋላ ዳንከን ካሜሮን የሚባል አዲስ ቆንሲል መጣና ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ሽጉጥ አቀረበ። ንጉሡም ወዳጅነቱ የጸና መሰላቸው።

በጥቅምት 1855 ንጉሡ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። በአማርኛ ነው የተጻፈው፤ ማኅተማቸውም አርፎበታል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነበር። ወዳጆቼ ፕላውደንና ቤል ስለ እርስዎ ነግረውኛል፤ መልእክተኞቼን ልልክልዎ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ባሕሩን ቱርክ ይዞ መንገድ ከልክሎኛል፤ መልእክተኞቼ በሰላም የሚደርሱበትን ዘዴ ይንገሩኝ። ወሬ ቀላቅዬ ካልሆነ በቀር የደብዳቤው አሳብ ይኸው ነው። ተመሳሳይ ደብዳቤ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለናፖሊዮን ሣልሳዊም ተጽፏል። ንጉሡ ካሜሮንን ደብዳቤውን ይዘህ ራስህ ሂድና መልሱን አምጣልኝ ብለውት ነበር። እሱ ግን ደብዳቤውን በሰው ላከውና ራሱ ቱርክና ግብጽ ወደሚገዙት ወደ ከሰላ ወረደ። ይህም ኋላ በንጉሡ ዘንድ ትልቅ ጥርጣሬ ያሳደረ ነገር ነው። የጠላቴ ወዳጅ ነህ ማለት ነው አሉት።

ደብዳቤው በየካቲት 1855 ለንደን ገባ። አራት ወር እንኳ አልፈጀበትም፤ ለዚያ ዘመን ፈጣን ነው። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተቀብሎታል። ጠፋ እንዳንል አልጠፋም። ያኔ እንግሊዝ ከቱርክ ጋር ወዳጅ ነበረች፤ ከጥቂት ዓመት በፊት በክሪሚያ ጦርነት አብረው ሩሲያን ወግተዋል። የሩቅ አገር ክርስቲያን ንጉሥ ቱርክን ልውጋ፣ ደግፉኝ ቢል ማንም ጆሮ የሚሰጥ አልነበረም። እሺ፣ ይህ ይገባኛል። መንግሥት የሚጠቅመውን ያያል። ነገር ግን እምቢ ለማለትም እኮ መልስ ይጻፋል! «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ ጉዳዩን እየተመለከትነው ነው» የሚል አንድ ወረቀት ምን ያህል ቀለም ይጨርስ ነበር? ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዞር ቆይቶ መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

እዚህ ላይ ከሥራዬ የማውቀውን ላንሣ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የጡረታ ማመልከቻ አስገብታ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስትመላለስ አይቻለሁ። ማመልከቻው ገቢ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ፋይል ውስጥ አለ። ማንም እምቢ አላላትም፤ ማንም እሺም አላላትም። ሴቲቱ በመጨረሻ ከበሩ ላይ ቆማ በሰው ሁሉ ፊት መሥሪያ ቤቱን ረገመች። ሰው እምቢታን ይችላል፤ ዝምታን ግን እንደ ንቀት ነው የሚቆጥረው። ይህቺ ሴት ጦር አልነበራትም፤ ቴዎድሮስ ግን ነበራቸው።

በ1856 ካሜሮን ከነባልደረቦቹ በሰንሰለት ታሰረ። ለንደን ይህን ሲሰማ ደብዳቤው ከመሳቢያ ወጣ። በግንቦት 1856 ንግሥቲቱ የፈረሙበት መልስ ተጻፈ፤ አድራሹም የሞሱል ተወላጅ የሆነ ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል ሰው ሆነ። ይህ ሰው ምጽዋ ላይ የመግቢያ ፈቃድ ሲጠብቅ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠና በጥር 1858 ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። ቆጥሩት፤ ከጥቅምት 1855 እስከ ጥር 1858 ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ነው። መልሱ ሲደርስ ነገሩ ከመልስ አልፎ ነበር። መጀመሪያ በክብር ተቀበሉት፤ ኋላ እሱም ታሰረና ወደ መቅደላ ተላከ።

የወሎ ሰው ነኝና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኛ ቴዎድሮስን የምናስታውሳቸው በሁለት ልብ ነው። አንድ አገር ለማድረግ የደከሙ፣ ለፈረንጅ እጄን አልሰጥም ያሉ ጀግና ናቸው። በወሎ ላይ ያደረጉት ዘመቻ ግን እጅግ የከፋ ነበር። መቅደላን በ1848 ከወሎ ባላባቶች እጅ ነው የወሰዱት። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂቱ ስለተቀበሏቸው፣ ንጉሡ በእጃቸው የነበረውን የወርቂቱን ልጅ ገደሉት። ከጦርነቱ ዋዜማም ብዙ እስረኞች ከገደል ተወርውረዋል። እንግሊዝ ሲመጣ አገሬው ከንጉሡ ጎን ያልቆመው ፈረንጅ ወድዶ አልነበረም፤ አንጀቱ አሮ ነው።

ታዲያ ለአንድ ደብዳቤ መልስ ባለመስጠት የተቆጠበው ቀለም ኋላ ምን አስወጣ? ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ከሕንድ አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ጫኝና አገልጋይ፣ አርባ ዐራት ዝሆን ይዞ በ1860 ዙላ ላይ ወረደ። ከባሕሩ ዳር ጀምሮ የባቡር ሐዲድ አነጠፈ። ጠገራ ብር ቪየና ላይ አስመትቶ በመንገዱ ለሚገዛው እህልና ገለባ ይከፍል ነበር። የትግሬው ካሳ፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ፣ መንገድ ለቀቁለት፤ ለውለታቸውም መድፍና ጠመንጃ ተሰጣቸው። ለእንግሊዝ መንግሥት የዘመቻው ወጪ በመጀመሪያ ከተገመተው ብዙ እጥፍ ሆኖ ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። ፓርላማቸው በሒሳቡ ተጨቃጭቋል። የኛ የእድር ኦዲተር ቢሆን ኖሮ ከወንበሩ ባልተነሣ!

ጦርነቱ የሆነው በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ነው። የእንግሊዝ ጦር በደላንታ በኩል መጥቶ በሽሎን ተሻገረና ከመቅደላ በታች እሮጌ ላይ ተጋጠሙ። ከኛ ወገን ሰባት መቶ ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የሚበዛ ቆሰለ። ከነሱ ሃያ ሰው ቆስሎ ሁለቱ ሞቱ። በዚያ ሁሉ ድካም ከደብረ ታቦር ተጎትቶ የመጣው ሴባስቶፖል የሚባለው መድፍም ምንም አልጠቀመ። ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ፤ ለፋሲካ መፈሰኪያ ብለው ላምና በግ ላኩ። ላሙን የተቀበሏቸው መስሏቸው ዕርቅ ወረደ ብለው አሰቡ፤ ናፒየር ግን አልተቀበለም። በማግሥተ ፋሲካ፣ ሰኞ ሚያዝያ 6፣ በሩ ሲሰበር ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሽጉጡ ንግሥቲቱ የላኩት ነው ይባላል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ዝርፊያ ነው። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተዘረፈ፤ አምባው ተቃጠለ። የብራና መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ ጽላት ሳይቀር በአሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ በሚሆን በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወጣና በሐራጅ ተሸጠ። ከእንግሊዝ ሙዚየም የመጣ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ከጦሩ ጋር አብሮ ተልኮ ስለነበር ገንዘብ ይዞ ይገዛ ነበር። ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል የብራና መጽሐፍ ወደ ለንደን ሙዚየም ገባ፤ አሁን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ከሐራጁ የተገኘው ገንዘብ ለወታደሩ ተከፋፈለ።

አሁን ወደ ልጁ እመለሳለሁ። እኔ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ብዙ ያሰበኝ እሱ ነው፤ የኛ የእድር ጉዳይም እዚህ ላይ ነው።

የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ ታመው በግንቦት 1860 ትግራይ ውስጥ ዐረፉና ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ሕፃኑ በአንድ ወር ውስጥ አባትም እናትም አጣ። ኢትዮጵያዊ መምህር ተከትሎት ነበር፤ እሱንም መንገድ ላይ መለሱት። አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ፣ የኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት፣ ልጁን ይዞ እንግሊዝ አገር ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን ወደዱት፤ ከስፒዲ ጋር ሕንድም ደርሶ መጣ። ኋላ መንግሥት ልጁን ከስፒዲ ለይቶ ትምህርት ቤት አስገባው። ራግቢ ተማረ፤ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ገባ፤ አልሆነለትም። የእናቱን ቋንቋ ረሳ። የሚያጫውተው ወገን አልነበረውም። በኅዳር 1872 ሊድስ በምትባል ከተማ በሳንባ በሽታ ታሞ በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥቲቱ አዝነው በዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ አስቀበሩት። ከውስጥ በግድግዳው ላይ የናስ ጽሑፍ አለ፤ እንግዳን ስለ መቀበል ከወንጌል የተወሰደ ቃል ነው የተጻፈበት። ልጁ በእግሩ የመጣ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ያምር ነበር።

እስቲ አስቡት። በኛ አገር ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ክርስቲያኑ ለፍትሐቱ፣ እስላሙ ለጀናዛው፣ ሁሉም ቃሬዛ ተሸክሞ አብሮ ይወጣል። ገጠር ያሉት ወገኖቻችን ቅሬ ይሉታል፤ ስሙ ነው እንጂ የሚለየው ሥራው አንድ ነው። ሰው በወገኑ እጅ አፈር ይቅመስ ነው ነገሩ። አባላችን አዲስ አበባ ቢሞት መኪና ተከራይተን አናመጣም? ልጆቻችን ዓረብ አገር ሄደው ሲሞቱስ አስከሬናቸውን ለማስመጣት ስንት ደብዳቤ እንደሚጻፍ፣ ከኤምባሲ ወደ ኤጀንሲ፣ ከኤጀንሲ ወደ አየር መንገድ ስንት ወር እንደሚንከራተት፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ እናቶች ከኔ የበለጠ ያውቃሉ። ሬሳው ሳይመጣ ድንኳን ተክሎ መቀመጥ ኀዘኑን እንዴት እንደሚያስረዝመው የደረሰበት ነው የሚያውቀው። የዓለማየሁን ነገር የማየው በዚህ በኩል ነው። ንጉሥ ልጅ ስለሆነ አይደለም የማነሣው፤ ሰው ስለሆነ ነው።

ከመቅደላ በኋላ ያለውን ግንኙነት ቶሎ ቶሎ ልበል። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ወደ ለንደን ጽፈው ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍና ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል መልሱልኝ አሉ። መጽሐፉ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን የለም ተባለ፤ ለካ ያ የሙዚየሙ ሰው ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ኖሯል! በ1876 ደግሞ እንግሊዝ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ዐድዋ ላይ ውል ተዋዋለች። በመሐዲስቶች የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ንጉሡ ይረዳሉ፤ በምላሹ ቦጎስ ይመለሳል፣ ምጽዋም ለኢትዮጵያ ዕቃ ነጻ በር ይሆናል ተባለ። ንጉሡ ቃላቸውን ጠበቁ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1877፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘ። የዐድዋ ጦርነት ምንጩ ከዚያው ይጀምራል።

ምኒልክ ከዐድዋ ድል በኋላ በ1889 ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋሉ፤ ሌጋሲዮኑም አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በ1898 የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ እንግሊዞች በሚመሩት በግብጽ ብሔራዊ ባንክ ሥር የቆመ ነበር፤ በ1923 ነው ገዝተን የራሳችን ያደረግነው። ለኛ ለቦረናዎች ግን ከሁሉ የሚበልጠው የግንቦት 1894 ውል ነው። በዚያ ውል ሦስተኛ አንቀጽ ምኒልክ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ወንዝ ላይ ውኃውን የሚገታ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ተጽፏል። ዓባይ የኛ የምዕራብ ወሰን ነው፤ ከቆላው ጫፍ ቆሞ የሚያይ ሰው ከማዶ ጎጃምን ያያል። ከኛ ገደል ሥር የሚሄደው ውኃ ለንደን ላይ በተረቀቀ አንቀጽ ታሰረ ማለት ነው። የኛ ዐዋቂዎች የሚከራከሩት በአንዲት ቃል ላይ ነው። «መግታት» ተባለ እንጂ «መጠቀም» አልተባለም፤ ውሉም በሚገባ አልጸደቀም ይላሉ። እንደኔ እንደ ጸሐፊው ቃሉን ከመፈረም በፊት ማመዛዘን ይሻል ነበር፤ ያም ሆነ ይህ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ተሰደው ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተቀመጡ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1931 የጣሊያንን ግዛት አወቀ፤ ይህ ከመቅደላ ቀጥሎ ያለ ቁስል ነው። ጣሊያን ከጀርመን ጋር ሲሰለፍ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና በ1933 ከዊንጌት ጦር ጋር ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን በኩል ገቡ፤ ከውስጥ አርበኛው አገሩን አናውጦት ነበርና ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሱ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ አልወጣም ብላ አስቸግራለች። በ1934 እና በ1937 በተደረጉት ውሎች ቀስ በቀስ ነው የተገፋችው። ገበያው በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር፤ የራሳችን ብር በሐምሌ 1937 ወጣ። አባቶቻችን ያንን ሽልንግ በሣጥን አስቀምጠው አሳይተውናል። የሐውድ መሬትም በ1947 ነው የተመለሰልን።

በዚያው ዘመን ግን ከመንግሥታቸው ተለይታ የቆመች አንዲት እንግሊዛዊት ነበረች፤ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ትባላለች። ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ አቋቁማ ስትጽፍ፣ ሚኒስትሮቻቸውን በደብዳቤ ስታስጨንቅ የኖረች ናት። ለንደን ነርስነት ተምረው በወጣትነታቸው ለሞቱት ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ሰበሰበች። በ1948 አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፤ በመስከረም 1953 ስትሞት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞቹ ጋር ተቀበረች። ልጅዋ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነበሩ፤ የመቅደላ ቅርስ ይመለስ ብለው ዕድሜ ልካቸውን ሲከራከሩ ኖሩ። እሳቸውም በየካቲት 2009 ዐርፈው በዚያው ካቴድራል ዐረፉ። እንግሊዞች ናቸው፤ እኛ ግን እንደ ወገን ቀበርናቸው፤ ማንም ባዕድ ናቸው ያለ አልነበረም።

ለወሎ ሰው የቅርቡ ትዝታ የረሃቡ ነው። በ1966 እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሰው ከደጋው ወደ ደሴ ሲወርድ አይቻለሁ። መንግሥት ዝም ያለውን ነገር በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በፊልም ለዓለም አሳየ፤ በለንደን ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። ያንኑ ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር እያፈራረቀ በ1967 እንቁጣጣሽ ማታ በቴሌቪዥን አሳየና በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። በ1977ም እንደዚሁ የቢቢሲ ወሬ ከኮረም ወጣ፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላን በደጋው ላይ እህል ከሰማይ ይጥል ነበር። የበላነውን አንክድም። ሆኖም ፊልሙ የራሳችንን ሰው ፊት ለዓለም ያሳየው በልመና መልክ ብቻ ነበርና ልጆቻችን በውጭ አገር ሲጠየቁ የሚያፍሩበት ነገር ሆኖ ቀርቷል።

አሁን የዕቃውን ነገር ላጠናቅ። በ1916 ራስ ተፈሪ ለንደን ከሄዱ በኋላ አንድ ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመለሰ፤ የብር ነው፤ የወርቁን አስቀሩት። ንግሥት ኤልሣቤጥ በ1957 ሲጎበኙን የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጡ። በ1994 ኤዲንብራ ከሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ቁምሣጥን ውስጥ የተገኘ ጽላት ተመልሶ አዲስ አበባ ሕዝቡ በዕልልታ ተቀበለው። በ2011 የቴዎድሮስ ፀጉር ከጦር ሠራዊት ሙዚየም ተመለሰ። በ2014 ለሐራጅ ሊቀርቡ የነበሩ ዕቃዎች በአንድ ድርጅት ተገዝተው ተሰጡን። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ዐሥራ አንድ ጽላት አለ፤ ማንም ሰው፣ የሙዚየሙ ሠራተኛ እንኳ፣ አያያቸውም። ለማየትም ለማሳየትም ካልሆነ ለምን ተቀመጡ? ሲባሉ በ1955 የወጣ ሕግ ንብረት እንዳንሰጥ ይከለክለናል ይላሉ። ሌላው ሙዚየም፣ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው፣ የወርቁን ዘውድ ለረጅም ጊዜ ላውሳችሁ ብሎ ነበር። እዚህ ላይ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ይፍረደን። የኛን ድስት የወሰደ ሰው መልሶ ለኛው በፊርማ ላውሳችሁ ቢለን ምን እንለዋለን?

ስለ ልጁ አጽም ደግሞ በ1999 ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለንግሥት ኤልሣቤጥ ደብዳቤ ጻፉ፤ የልጁ ወገኖችም ጠየቁ። በግንቦት 2015 ከቤተ መንግሥቱ የተሰጠው መልስ እምቢታ ነው። ልጁ የተቀበረበት ክፍል የብዙ ሰዎች አጽም ያለበት ስለሆነ የሌሎቹን ዕረፍት ሳንነካ እሱን ለይተን ልናወጣ አንችልም፤ ለመጎብኘት ለሚመጡ ግን በራችን ክፍት ነው አሉ። እኔ ይህን መልስ በሁለት በኩል አየዋለሁ። የሌላውን ሬሳ አንረብሽም ማለት በኛም ዘንድ የሚከበር ነገር ነው። ግን ደግሞ መቃብር ቆፍሮ አጽም ለይቶ ማውጣት በኛ አገር ቀሳውስት ሲያደርጉት የኖሩት ሥራ ነው፤ የቴዎድሮስ አጽም ራሱ ከመቅደላ ተነሥቶ ቋራ ማኅበረ ሥላሴ ገብቷል። የሚፈለገው ፈቃዱ ነው። መልስ መስጠታቸው ግን ከ1855 ይሻላል፤ ደብዳቤ የተመለሰለት ሰው ሌላ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል።

በመስከረም 2016 ከካፒቴን ስፒዲ ቤተ ዘመድ እጅ የተገኘ የዓለማየሁ የፀጉር ጉንጉን ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። እስካሁን ከልጁ አካል የተመለሰው ይኸው ነው። አባት ቋራ፣ እናት ጨለቆት፣ ልጅ ዊንዘር ተቀብረዋል።

ንግግሬን ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያለው ካለ ዳኛችን ዕድል ይስጡት፤ የድንኳኑ ማስጠገኛ መዋጮ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።